የማገዶ አመድን በብሎኬት ሥራ ያለጉዳት የመጠቀም አሠራር በካፋ ዞን

በካፋ ዞን ከቡና መቀሸሪያዎች የሚተርፈው ገለፈት፣ እንዲሁም በቦንጋ አቅራቢያ በውሽውሽ የሻይ ልማት ለቅጠል ማድረቂያ የሚነደው የባሕር ዛፍ ማገዶ የሚተዉት አመድ ሲሚንቶን በጥቂቱ ሊተካ ቢችልም፣ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ውሃ ሲነካው ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል አልካሊ ስለሚፈጥር፣ ምንም አይልም ተብሎ የሚዛቅ ነገር አይደለም።

የጥንቃቄው ትልቁ ክፍል የሚከናወነው ምድጃው ዘንድ ነው። ለሥራው የሚሰበሰበው የንጹሕ ገለፈትና ያልታከመ እንጨት አመድ ብቻ ሲሆን፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ምስጥ እንዳይበላው በመዳብ፣ በክሮሚየምና በአርሴኒክ የታከመ ምሰሶ፣ ጎማ ወይም የተቃጠለ ዘይት የገባበት አመድ ተለይቶ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን በሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት ሊያዝ ይገባዋል፤ ከባድ ብረቶች በእሳት አይጠፉምና፣ አብዛኞቹ በአመዱ ውስጥ ይከማቻሉ። የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭማ ጭራሹን መቃጠል የለበትም፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም አየር ባለበት ሲነድ ካንሰር አምጪ ወደሆነው ባለ ስድስት ቻርጅ ክሮሚየም ሊለወጥ ይችላል። ሲሚንቶ ሁሉን ያስራል የሚባለውም በግማሽ ብቻ እውነት ነው፤ እርሳስን በብዛት ቢይዝም፣ ይህን ክሮሚየም በቀላሉ አያስረውም።

አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የአካባቢው ዝናብ አጥቦ ወደ ምንጭ እንዳይወስደው፣ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ባለው ቤት ይከማቻል፤ ሠራተኛውም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ በ75 ማይክሮን ወንፊት ይነፋዋል። የጠቆረ አመድ ያልነደደ ካርቦን ስላለበትና ውሃ ስለሚመጥ አይመረጥም።

ቀጥሎ ከሲሚንቶው ክብደት 10 በመቶውን በአመድ የተካ የሙከራ ድብልቅ፣ አመድ ከሌለበት ማወዳደሪያ ጋር ይዘጋጃል፤ ሁለቱም በውሃ እየረጠቡ 28 ቀን ቆይተው ይጨመቃሉ። የተሰበረው ናሙና ደግሞ በአሲድ ውሃ ተነክሮ ምን ያህል ብረት እንደሚለቅ በላቦራቶሪ ይለካል፤ በአሜሪካ ደንብ የእርሳስም ሆነ የክሮሚየም መጠን በሊትር 5 ሚሊግራም ከደረሰ ቁሱ አደገኛ ይባላል። አልካሊው ከአንዳንድ የእሳተ ገሞራ ጠጠሮች ሲሊካ ጋር ተዋህዶ ኮንክሪቱን እያሳበጠ ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ ጠጠሩም አብሮ መፈተሽ አለበት።

ፈተናውን ያለፈ ድብልቅ ለክፍልፋይ ግድግዳ ብሎኬትና ለእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይበቃል፤ ለዓምድ፣ ለመሠረት፣ ለምንጭ ግንባታና ለውሃ ማጠራቀሚያ ግን አይውልም።