በማመልከቻ ራስጌ ላይ የተጻፈ ስም
ስለ ሠራተኛ አቀጣጠር የቀረበ ትምህርት

ሠራተኛ የሚቀጥር ነጋዴ ሁሉ የሚሻው ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ከብዙ አመልካቾች መካከል ማን ለጥያቄ እንደሚጠራ ሲወሰን፣ ዕውቀቱ ከመመዘኑ በፊት ስሙ የሚመዘንበት ጊዜ እንዳለ በአሜሪካ አገር በተደረገ ምርመራ ተገልጧል።

ማሪያን በርትራንድና ሰንድል ሙላይናታን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በቦስተንና በቺካጎ ጋዜጦች ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ያህል ማመልከቻዎች ላኩ። ማመልከቻዎቹ በፈጠራ የተዘጋጁ ሲሆኑ ስሙ በዕጣ ተደለደለ፤ ይኸውም ለአንዱ ነጮች የሚጠሩበት ኤሚሊ ወይም ግሬግ፣ ለሌላው ጥቁሮች የሚጠሩበት ላኪሻ ወይም ጀማል ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ የነጭ ስም የያዘው አንድ ጥሪ ለማግኘት 10 ያህል ማመልከቻ ሲበቃው፣ የጥቁር ስም የያዘው 15 ያህል መላክ አስፈለገው። ከጧት እስከ ማታ ደብዳቤ ሲጽፍ የሚውል ሰው የአምስቱን ትርፍ ማመልከቻ ድካም አያጣውም። ልጆቻቸው በዚያ አገር ሥራ የሚፈልጉ አንባቢዎችም ነገሩን ከሩቅ አያዩትም።

ያ ምርመራ የተደረገው በሽያጭና በጽሕፈት ሥራ ላይ ነው። ወደ ኮምፒዩተሩ ኢንዱስትሪ ስንመጣ፣ ጉግል የተባለው ኩባንያ የሠራተኞቹን ቁጥር በዘር ለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2014 ሲገልጽ፣ በአሜሪካ ካሉት ሠራተኞቹ ጥቁሮቹ ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ነጋዴ በቶሎ የሚያስተውለው ግን በትውውቅ መቅጠርን ነው። በዚያ ኢንዱስትሪ ብዙ ኩባንያዎች ሰው ጠቁሞ ላስቀጠረ ሠራተኛ የገንዘብ ሽልማት ይሰጣሉ። ዘዴው ወጪ ይቆጥባል፤ ዋስ ያለው ሰውም ያመጣል። ይሁን እንጂ ጠቋሚው የሚያውቀው አብሮት የተማረውንና በሰፈሩ ያደገውን ስለ ሆነ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ቤቱ በአንድ ወገን ሰዎች ይሞላል።

ጉዳዩ ከቅጥሩ አልፎ እስከ ዕቃው ይደርሳል። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለዱት ትምኒት ገብሩ፣ የሰውን ፊት በፎቶግራፍ አይተው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚለዩ፣ ለገበያ የቀረቡ ሦስት የኮምፒዩተር መሣሪያዎችን መረመሩ። መልካቸው በነጣ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም፤ መልካቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ይፈተንባቸው በነበሩ የፎቶግራፍ ስብስቦች ውስጥ አብዛኛው ፊት የነጣ ነበረና። ዕቃውን ከመሸጡ በፊት በራሱ ፊት የሚሞክር ጥቁር ባለሙያ ያለው ኩባንያ፣ ጉድለቱን ከገዢው ቀድሞ ሊያገኘው ይችል ነበር።

ጉግል በ2020 አውጥቶት የነበረውን የቅጥር ግብ በ2025 መጀመሪያ ላይ ትቷል። ቀጥሎ የተመለከተው አሠራር ግን ማናቸውንም ግብ ሳያወጣ በአነስተኛ ንግድ ቤት እንኳ ሊፈጸም ይችላል። ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር ለወዳጆች ከመነገሩ በፊት በግልጽ ይለጠፋል። ጸሐፊው የአመልካቹን ስም ሸፍኖ በቁጥር ይተካዋል፤ ትምህርት ቤቱም ወገንን የሚገልጥበት ጊዜ ስላለ፣ ስምን መሸፈን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄና ከሥራው የተወሰደ አንድ ዓይነት ፈተና ይቀርባል፤ ነጥቡንም ፈታኞቹ እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ በየወረቀታቸው ላይ ይጽፉታል።