ቅንቅን የሚጠፋው ከቆጡ ነው

ዶሮ ለገበሬ ቤት ትንሽ ሀብት አይደለችም። እንቁላሏ ለልጅ ምግብ ይሆናል። ሲሸጥም ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተርና እርሳስ ይገዛል። ብዙውን ጊዜ ይህን ገንዘብ በእጇ የምትይዘው የቤቱ እመቤት ናት። ስለዚህ ዶሮዋ ስትከሳ የሚጎዳው ቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ሲሬ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያ ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ እንደ ሌላው የወለጋ ገጠር ሁሉ፣ ዶሮ ቀን በጓሮ ስትጭር ትውላለች። ማታ ሰው በሚያድርበት ቤት ወይም በማድቤት ቆጥ ላይ ትሰፍራለች። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ነው። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚያ ስንጥቅ ነው።

አንዲት ዶሮ ዐሥራ ሁለት እንቁላል ታቀፈች እንበል። በሳምንቱ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለች። እመቤቲቱ፣ «ምን ነካብኝ? የሰው ዐይን ይሆን?» ትላለች። ጎረቤቷ፣ «ኧረ እቴ፣ ቅንቅን ነው። አመድ ነስንሺባት» ትላታለች። አመድ ይነሰነሳል። ዶሮዋ ሁለት ቀን ይሻላታል። በሦስተኛው ቀን ቅንቅኑ ይመለሳል። ለምን?

ቅንቅን የት ይኖራል?

የቅንቅን መጠን ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ሲራብ ግራጫ ነው፤ ደም ሲጠጣ ቀይ ይሆናል። ይህ ቀዩ ቅንቅን ቀን ዶሮዋ ላይ አይውልም። በቆጡ እንጨት፣ በግድግዳው ስንጥቅ፣ በእንቁላል መጣያው ጭድ ሥር ተሸሽጎ ይውላል። ሲመሽ ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል። ሲነጋ ወደ መሸሸጊያው ይመለሳል።

እንቁላሉን የሚጥለውም እዚያው ነው። በሙቀት ጊዜ እንቁላሉ በሁለት በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ አድጎ እሱም ይራባል። ደም ባያገኝም ወራት ይቆያል። ስለዚህ ቆጡን ለጥቂት ሳምንት ባዶ መተው አያጠፋውም። ዶሮዋን ብቻ አመድ መቀባትም ሌባው ከውስጥ እያለ በር እንደ መዝጋት ነው።

በምን ይታወቃል?

ዶሮዋ ትከሳለች። በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል። እንቁላል ትቀንሳለች። ማታ ቆጥ ላይ መውጣት ትጠላለች። ጫጩት ደሙ አልቆ ይሞታል። ቅንቅን ሰውንም ነክሶ ያሳክካል። ለማረጋገጥ ጠዋት የቆጡን እንጨት ከሥሩ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁን ደም ከነካው ቅንቅን አለ።

ምን እናድርግ?

1ኛ. ቆጡን አፍርሳችሁ ወደ ውጭ አውጡ። እንጨቱ ቅርፊት ካለው ላጡት። የፈላ ውሃ አፍሱበትና ፀሐይ ላይ አድርቁት።

2ኛ. አሮጌውን ጭድና ኩስ ጥረጉ። ከቤት አርቃችሁ አቃጥሉት።

3ኛ. በስንጥቁ ሁሉ የፈላ ውሃ ጨምሩ። ከዚያ በጭቃ ምረጉ፤ በእበት ለቅልቁ።

4ኛ. አዲሱ ቆጥ ግድግዳ አይንካ። በባላ ላይ ይቁም። የባላውን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙት። ቅንቅን ዘይቱን ተሻግሮ አይወጣም። ጫጩት እንዳይገባበት ጣሳው ጠባብ ይሁን።

5ኛ. ደረቅ ቦታ ላይ አመድና አፈር ደባልቁ። ዶሮዋ ትንከባለልበት።

6ኛ. በሰባተኛው ቀን ድገሙት። በዐሥራ አራተኛው ቀን ሠልሱት። በመጀመሪያው ቀን ያመለጠው እንቁላል በዚህ ጊዜ ተፈልፍሏልና። ብዙ ሰው የሚሸነፈው አንድ ቀን ጠርጎ ስለሚተው ነው።

ተጠንቀቁ!

ለእህልና ለአትክልት ተባይ የተሠራ መድኃኒት ዶሮ ላይ አትርጩ። መርዙ ዶሮዋን ይገድላል፤ በእንቁላሉም ወደ ልጆቻችሁ ይደርሳል። ላምባ አትቀቧት፤ ቆዳዋን ያቃጥላል። ተባዩ ቀንም በላባዋ ሥር ከታየ ቅማል ወይም ሌላ ዓይነት ቅንቅን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። መድኃኒት ከሰጣችሁ፣ «እንቁላሏን ስንት ቀን አንብላ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትደር። ጎረቤታሞችም በደቦ ሆናችሁ በአንድ ቀን ቆጣችሁን ብታጸዱ ሥራው ይቀላል።

የወለጋዋ የሆሮ ዶሮ የታወቀች ናት። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ እየተመረጠች እንድትሻሻል ተሠርቷል። ነገር ግን ዘሯ የቱንም ያህል ቢመረጥ፣ ሌሊት ደሟ ሲመጠጥ የሚያድር ዶሮ እንቁላል አትሰጥም።

ጥያቄዎች

1. ቅንቅን ቀን የት ይውላል?
2. ቆጡ ከግድግዳ መራቅ ያለበት ለምንድን ነው?
3. ጽዳቱ በስንተኛው ቀን ይደገማል? ለምን?
4. ዛሬ ማታ የቤታችሁን ቆጥ እዩ። ስንት ስንጥቅ አገኛችሁ?