ትልቁ ውሻና ትንሹ ቡችላ

እኛ በጎግ ወረዳ በጊሎ ወንዝ አጠገብ የምንኖር ገበሬዎች ነን። በቆሎና ማሽላ እናመርታለን። በክረምት ከፍ ባለው መሬት ላይ እንዘራለን። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ውኃው በለቀቀው እርጥብ አፈር ላይ እንደገና እንዘራለን። በአካባቢያችን የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፍ ዝንብ ስላለ ከብት እንደ ልብ አይረባም። ስለዚህ ኑሯችን ያለው ማሳው ላይ ነው።

ማሳው ደግሞ ጠላት አያጣም። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ ይመጣሉ። ከርከሮም አለ። ሲመሽ ተራው የጃርት ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ከባለቤቱ ቀድመው ያውቃሉ! የዝንጀሮ መንጋ በአንድ ጠዋት ያጠፋውን በቆሎ ያየ ሰው «ውሻ ለገበሬ ምን ይጠቅማል?» ብሎ አይጠይቅም።

ነገር ግን ውሻ ያረጃል። ዕድሜው ሲገፋ ጆሮው ይደክማል፤ ሩጫውም ይቀንሳል። ተተኪ ያስፈልገዋል። ቡችላ ደግሞ አብሮት ካለው ትልቅ ውሻ ብዙ ነገር ይማራል። ትልቁ ሲጮህ ይጮሃል፤ ትልቁ ሲሮጥ ይከተላል። ስለዚህ ቡችላ ቢመጣ የሚሻለው አሮጌው ውሻ ከሞተ በኋላ ሳይሆን በሕይወት እያለ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ውሻ ትንሹን እንዴት ይቀበለዋል?

የእኛን ስሕተት እንንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከጎረቤት አንድ ቡችላ አመጣን። በጣም ትንሽ ስለነበረ በሁለት መዳፍ ይያዝ ነበር። ትልቁ ውሻችን ዳኛው ይባላል። ስሙን ያገኘው በደጃፍ ተጋድሞ ወጪ ወራጁን ሁሉ ስለሚመረምር ነው። ያን ዕለት ማታ ዳኛው የገንፎ ትራፊ እየበላ ነበር። እኛ ቡችላውን አምጥተን ከምግቡ አጠገብ አስቀመጥነው። «ተዋወቁ!» አልናቸው። ልጆቹ ሳቁ። ቡችላው ርቦት ስለነበር ወደ ምግቡ ሮጠ። ዳኛው አንድ ጊዜ አጉረመረመ። ቡችላው አልገባውም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ እንኳ አልቆየም። ቡችላው አንገቱን ተነክሶ ሞተ።

ልጆቹ አለቀሱ። እኛም ተናደን ዳኛውን በዱላ መታነው። በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ደረሱ። «ምን አጠፋ?» አሉ። ነገርናቸው። «እሱንስ ተዉት። እንግዳ አምጥታችሁ ሳትነግሩት ከምግቡ ላይ ያስቀመጣችሁበት እናንተ ናችሁ» አሉን። ያን ጊዜ ንግግራቸው አልጣመንም። ውለን አድረን ስናስበው ግን እውነታቸውን ነበር።

ዳኛው ክፉ ውሻ አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባል የለ? ውሻ የበላበትን ቤት፣ የሚተኛበትን ቦታና የምግቡን ዕቃ ይጠብቃል። እኛም ይህን ጠባዩን ወደን ነው የያዝነው። እንግዳ ሲመጣ እንዲጮህልን እንፈልጋለን። በአንድ በኩል «ጠብቅ» እያልነው፣ በሌላ በኩል አይቶት የማያውቀውን እንስሳ ከአፉ ሥር ብናስቀምጥበት ምን ያድርግ?

ሌላም ምክንያት አለ። የእኛ ውሾች አውሬ ማባረር የለመዱ ናቸው። ትንሽ ሆኖ የሚሮጥና ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር አደን ይመስላቸዋል። ቡችላ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ይሮጣል፤ ሲጥ ሲጥ ይላል። ትልቁ ውሻ ጠብ ባይፈልግ እንኳ በጨዋታ መካከል ረግጦ ሊሰብረው ይችላል። እኩያ የሆኑ ውሾች ቢጣሉ ብዙውን ጊዜ ተቧጭረው ይለያያሉ። የትልቅና የትንሽ ጠብ ግን በአንድ ንክሻ ሊያልቅ ይችላል።

ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ቡችላ ለማምጣት ቆረጥን። አሁን ግን አልቸኮልንም። በመጀመሪያ ዕድሜውን ጠየቅን። ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ የተጨፈነ ነው። የሚገልጠው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በኋላ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር እየተናከሰ ይጫወታል። አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮህበታል፤ እናቱም ትቆጣዋለች። በዚህ ዓይነት የውሻን ወግ ይማራል። ስለዚህ ከእናቱ የሚለየው 8 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ቢሆን ይሻላል። የፊተኛውን ቡችላ ያመጣነው ከዚህ ዕድሜ በፊት ነበር። የትልቅ ውሻ ማጉረምረም ምን ማለት እንደሆነ ገና አላወቀም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በጣም መዘግየት ጥሩ አይደለም። ቡችላ እስከ 3 ወር ዕድሜው ድረስ አዲስ ነገር ቶሎ ይለምዳል። ሰውን፣ ዶሮን፣ ፍየልን፣ ትልቅ ውሻንም በዚህ ጊዜ ቢያይ ኋላ አይደነግጥባቸውም።

ውሻ ነገርን ሁሉ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ስለዚህ ቡችላውን ከማምጣታችን ከሁለት ቀን በፊት ቁራጭ ጨርቅ ወስደን ገላውን አሸንበት። ጨርቁን ከዳኛው መኝታ አጠገብ ጣልነው። ዳኛው አሸተተው፤ ደግሞም ተመልሶ አሸተተው፤ ከዚያም ተወው። እንግዳው ከመግባቱ በፊት ሽታው ገባ ማለት ነው።

መተዋወቂያውን ቦታ ግቢያችን ውስጥ አላደረግነውም። ግቢው የዳኛው ነዋ! ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከቤት ራቅ ካለ ዛፍ ሥር ወሰድናቸው። ጊዜውም ማለዳ ነው፤ በእኛ አገር ቀትር ላይ እንኳን ውሻ ሰውም ይቆጣል። አንዳችን ዳኛውን በገመድ ያዝን፤ ሌላው ቡችላውን ያዘ። ገመዱ ላላ ማለት አለበት። አንገቱን በጥብቅ የተያዘ ውሻ ይጨነቃል፤ የተጨነቀ ውሻ ደግሞ ለጠብ ቅርብ ነው። ፊት ለፊት አላፋጠጥናቸውም። ራቅ ራቅ ብለን ጎን ለጎን እየሄድን ቀስ በቀስ ተቀራረብን። ዳኛው የቡችላውን ጀርባ አሸተተ። ቡችላው ተንጋለለና ሽንቱን ለቀቀ። ልጆቹ «ፈራ! ፈራ!» አሉ። በእርግጥ ፈርቷል። ነገር ግን በውሻ ቋንቋ ይህ «እኔ ትንሽ ነኝ፣ ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም» ማለት ነው። ዳኛው አሽትቶ ሲበቃው ፊቱን አዞረ። እኛም ሳናራዝመው አቆምንና ሁሉም አብሮ ወደ ቤት ተመለሰ።

ከቤት የወጣነው አጥንቱንና የምግቡን ዕቃ አንሥተን ነበር። የተጣለ አጥንት ባለበት ግቢ ሁለት ውሻ ማስተዋወቅ ከንቱ ድካም ነው። ለቡችላው በጎጆው ጥግ በእንጨት አጠርንለት። ዳኛው በእንጨቱ መካከል ያየዋል፤ ያሸተዋል፤ ሊነክሰው ግን አይችልም። ምግብ ስንሰጥ መጀመሪያ ለዳኛው፣ ቀጥሎ ለቡችላው ሰጠን። ቦታቸውንም አራራቅነው። ከእርሻ ስንመለስ ዳኛውን ቀድመን እንዳብሳለን። ይህ ለልጆች ይከብዳቸዋል። ልጅ ትንሹን ይወዳል። ትልቁ ውሻ ግን ቡችላው ሲመጣ የእሱ ነገር እንደማይቀር ካየ ቶሎ ይረጋጋል።

አሁን ስለ ማጉረምረም ትንሽ እንነጋገር። ብዙዎቻችን ውሻ ሲያጉረመርም ድንጋይ እናነሣለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ማጉረምረም የውሻ ማስጠንቀቂያ ነው። «ይበቃል፣ ራቅ በል» ማለቱ ነው። ስላጉረመረመ የተደበደበ ውሻ ማጉረምረሙን ሊተው ይችላል፤ ንዴቱ ግን ከውስጡ አይወጣም። በኋላ ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ይሆናል። ስለዚህ ዳኛው ሲያጉረመርም እሱን ከመምታት ይልቅ ቡችላውን እናነሣለን።

ከማጉረምረም በፊትም የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ድርቅ ካለ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ቡችላውን ካፈጠጠበት፣ ከንፈሩ ወደ ላይ ከተሰበሰበ ነገሩ አላማረም። ጭራ መወዝወዝ ብቻውን ደስታ አይደለም፤ ጭራው ሽቅብ ቆሞ እንደ ደረቀ የሚወዛወዝ ከሆነ ተጠንቀቁ። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ወገቡን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ሰውነቱን ካላላ ግን «እንጫወት» እያለ ነው። ዳኛው ይህን ያደረገው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እኛ እንኳ ሽማግሌው ውሻ መጫወት የቀረበት መስሎን ነበር!

እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን ብቻቸውን አልተውናቸውም። ሁላችንም ወደ እርሻ ስንሄድ ቡችላው በአጥሩ ውስጥ ይቆያል። ጥርሱ እንደ መርፌ ነውና የዳኛውን ጆሮ እየነከሰ ያስቸግር ነበር። ዳኛው አንድ ጊዜ ጮኸበት፤ በአፉም ሳይወጋው አፈፍ አድርጎ ለቀቀው። ቡችላው ጮሆ ሸሸ። ይህን ዝም ብለን አየን። ደም ሳይወጣ እንዲህ ቢገሥጸው ማስተማር ነው። ቡችላው ሸሽቶ እያለ ትልቁ ካሳደደው ግን ወዲያው መለየት ያስፈልጋል።

ውሾች ቢያያዙ በእጅ አትገላግሉ። በንዴት ላይ ያለ ውሻ የጌታውን እጅ አይለይም። ውኃ መድፋት ወይም በመካከላቸው ሰፋ ያለ ነገር ማስገባት ይሻላል። እዚህ ላይ የእብድ ውሻ በሽታን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በሽታው የሚተላለፈው በታመመ እንስሳ ምራቅ ነው፤ በሰው ላይ የሚመጣውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በግምት በየዓመቱ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ይላል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን መዳን ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ሉዊ ፓስተር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ያበደ ውሻ የነከሰውን ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አከመ። ልጁ ተረፈ፤ አድጎም በፓሪስ በፓስተር ተቋም በር ጠባቂ ሆነ።

ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ። ከዚያም ቀን ሳይቆጥር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሥር መድኃኒት እየተሞከረ ቀናት የሚያልፉበት ሰው ያሳዝነናል። ከእኛ ወረዳ እስከ ጋምቤላ ከተማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሕክምናው በቅርብ ባይገኝ ለመንገዱም ጊዜ ያስፈልጋል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ክትባቱ መቼ እንደሚመጣ የእንስሳት ጤና ሠራተኛውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ቡችላ ብዙ ጊዜ የሆድ ትል ስላለበት የትል መድኃኒትም አብሮ ይጠየቅ፤ ልጆችም ከእሱ ጋር ተጫውተው ሳይታጠቡ አይብሉ።

የእኛ ቡችላ ዛሬ በቁመት ዳኛውን ደርሶበታል። ባለፈው የበቆሎ ወቅት ከማሳው ዳር አብረው ይውሉ ነበር። ዳኛው እንደ ድሮው አይሮጥም። ዝንጀሮ ሲያይ ከጥላው ሥር ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ይጮሃል። የሚሮጠው ትንሹ ነው። ሮጦ ሲመለስ ዳኛው አጠገብ ይተኛል። ምግባቸውን ግን እስከ ዛሬ በየፊናው ነው የምንሰጣቸው።