ከራስ ስብ የሚወሰድ ሴል የተቀደደ የትከሻ ጅማት ይጠግናል?

ባለፈው ሰሞን እዚህ ፍኖተ ሰላም አንድ አባት ለምርመራ መጡ። ቡሬ አካባቢ የበርበሬ ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ከትከሻ በላይ ማንሳት ካቃታቸው ወራት ተቆጥረዋል፤ ሌሊት በዚያ ጎን መተኛትማ አይታሰብም። ባሕር ዳር የተነሡት ኤምአርአይ አንዱ የትከሻ ጅማት መቀደዱን ያሳያል። ልጃቸው ደግሞ «ከራስዎ ስብ በሚወሰድ ስቴም ሴል ያለ ኦፕሬሽን ይዳኑ» የሚል የቲክቶክ ቪዲዮ አሳይቷቸዋል።

«ዶክተር፣ በሬዎቹን ልሽጥና ውጭ አገር ልሂድ?» አሉኝ።

ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። ትከሻችንን አራት ጡንቻዎች ከነጅማታቸው አቅፈው ይይዙታል። ጅማቱ ከአጥንቱ ሲላቀቅ ሐኪሙ መልሶ ይሰፋዋል። ችግሩ ከስፌቱ በኋላ ነው፦ ቦታው ብዙ ደም አያገኝም፣ ጅማትና አጥንትም በቀላሉ አይያያዙም። ስለዚህ የተሰፋው መልሶ ሊቀደድ ይችላል፤ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን፣ ስኳር ወይም ሲጋራ ሲጨመርበት።

ስቡ እዚህ ላይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከሰውነት በቱቦ በተመጠጠ ስብ ውስጥ ወደ አጥንት፣ ወደ ልም አጥንትና ወደ ጡንቻ መለወጥ የሚችሉ ሴሎች እንዳሉ አሳዩ። በ2017 የታተመ የኮሪያ ጥናት ደግሞ ይህንን ትከሻ ላይ ሞከረው። 35 ሰዎች ጅማታቸው ተሰፍቶ ከስብ የተለየው ሴል በሙጫ መሰል ነገር ተይዞ ስፌቱ ላይ ተጨመረላቸው፤ ሌሎች 35 ሰዎች ስፌት ብቻ አገኙ። ቢያንስ ከዓመት በኋላ በኤምአርአይ ሲታይ መልሶ የተቀደደባቸው ስፌት ብቻ ካገኙት 28.5 በመቶ፣ ሴል ከተጨመረላቸው 14.3 በመቶ ነበሩ። ግማሽ ማለት ነው!

ቆይ ግን። ሁሉም ኦፕሬሽን ተደርገዋል፤ ሴሉ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አልነበረም። ሰዎቹም በዕጣ አልተመደቡም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሕመሙና በእጁ አገልግሎት ሁለቱ ቡድኖች እኩል ተሻላቸው። ፎቶው አማረ፣ ሰውየው ግን ልዩነቱን አላወቀውም። ቪዲዮው ይህን አይነግራችሁም።

«የራሴ ስብ ምን ይጎዳኛል?» የምትሉም አላችሁ። በዚያው በ2017፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከስባቸው የተዘጋጀ ሴል በሁለቱም ዓይኖቻቸው የተወጉ ሦስት ሴቶች ዓይናቸው ክፉኛ መጎዳቱ በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ዓይንና ትከሻ አንድ አይደሉም፤ ግን የራስ ስብ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

«አባቴ፣ በሬዎቹን አይሽጡ» አልኳቸው። የእሳቸው ጅማት በመውደቅ ሳይሆን ቀስ በቀስ ያለቀ ነው። እንዲህ ያለ ቅዳድ ባለባቸው ከ400 በላይ ሰዎች ላይ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ በፊዚዮቴራፒ ጀምረው ሁለት ዓመት ከተከታተሉት አራት ሰዎች ሦስቱ ገደማ ኦፕሬሽን አላስፈለጋቸውም።

ከበቅሎ ወይም ከባጃጅ ወድቃችሁ እጃችሁ ድንገት አልነሣ ካለ ግን ፊዚዮቴራፒ ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቶሎ የአጥንት ስፔሻሊስት ጋ ሂዱ። ሲቆይ ጡንቻው ራሱ ወደ ስብ ይለወጣል፣ ያኔ ስፌትም ይከብዳል።

እኒያ አባት ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ጋቢያቸውን በቀኝ እጃቸው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አሳዩኝ። ጆንያ መሸከም ግን ገና አልፈቀድኩላቸውም።