የዕለት ዱቤን ማወቅና መቀነስ

ዱቤ ለንግድ ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በኒውዮርክ ከተማ ዳይነርስ ክለብ የተባለ ድርጅት አባሎቹ ምግብ ቤት ገብተው ከበሉ በኋላ ሂሳቡን በወር እንዲከፍሉ የሚያስችል ካርድ አወጣ። በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ዕዳውን ከወር ወደ ወር በወለድ ለማስተላለፍ የሚፈቅድ ካርድ ለሕዝብ አደለ። በአገራችን በብዙ ሰው እጅ የሚገኘው የባንክ ካርድ ባለቤቱ ያስቀመጠውን ገንዘብ የሚያወጣበት እንጂ የሚበደርበት አይደለም። ይሁን እንጂ የካርዱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር በቦንጋም ሆነ በካፋ ወረዳዎች ሁሉ አለ፤ ይኸውም የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለዚህ ደብተር ጓደኛ መጥቶለታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፥ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና «እንደኪሴ» የተባለውን አገልግሎት አቅርቧል። እንደኪሴ በሂሳቡ ያለው ገንዘብ ለክፍያ ያነሰበት ሰው ጉድለቱን በብድር ሞልቶ ዕቃውን እንዲገዛ ያደርጋል። ለቸገረው ሰው ጠቃሚ አገልግሎት ነው፤ ነገር ግን ስልክ ለነካ ጣት ብር የወጣ ስለማይመስለው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

የዕለት ዱቤ የሚጎዳው በትንሽነቱ ነው። አንድ ቤተሰብ በየቀኑ ስኳር፥ ሳሙና፥ ዘይትና የሞባይል ካርድ እያለ 60 ብር ያህል በደብተር ቢያስጽፍ፥ በ30 ቀን 1,800 ብር ይሆናል። ለአንድ ጊዜ 1,800 ብር አውጣ ቢባል አባወራው ሦስት ጊዜ ያስብ ነበር፤ ስድሳውን ግን ሳያስብ አወጣው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ዕዳም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ዋጋው ነው። በእጅ በእጅ 100 ብር የሚሸጥ ዕቃ በዱቤ 110 ብር ቢሆን፥ ልዩነቱ 10 ብር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ያ 10 ብር ለአንድ ወር መቆያ የተከፈለ ነውና፥ በየወሩ የሚደጋገም ከሆነ በዓመት በመቶ ብር ላይ 120 ብር ይደርሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በገንዘብ ብድር ተዋዋዮቹ በዓመት ከመቶ 12 የበለጠ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። ሕጉ ስለ ብድር እንጂ ስለ ሸቀጥ ዋጋ የተጻፈ ባይሆንም፥ ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ መመልከት ለገዢው ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ጉዳት በተለይ የእኛን አገር ገበሬ ይነካል። በክረምት ወራት እጅ ያጥራል፤ የቡናው ለቀማ ገና ነው። በዚያ ጊዜ «ቡናዬ ሲደርስ እከፍላለሁ» ብሎ ከቡና ሰብሳቢ ዱቤ የሚወስድ ገበሬ፥ በጥቅምትና በኅዳር እሸት ቡናውን ለአበዳሪው ይዞ ለመሄድ ይገደዳል። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የተሻለ ዋጋ ቢሰጥም፥ ወይም አድርቆ ቢያቆየው የሚያተርፍ ቢሆንም፥ ምርጫው ከእጁ ወጥቷል። የደብተሩ ዕዳ ትንሽ ሲሆን ያጣው የመደራደር ነጻነት ግን ትልቅ ነው።

ባለሱቁም ከጉዳት አያመልጥም። 100,000 ብር ካፒታል ያለው ነጋዴ 40,000ው በደብተር ላይ ከዋለ፥ የሚነግደው በ60,000 ብር ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሸቀጥ ዋጋ ከፍ ስላለ፥ ዘግይቶ የተመለሰ ገንዘብ የወጣውን ያህል ዕቃ አይመልስም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከዚህ በታች ያሉት አምስት ነገሮች በማንኛውም ቤት ሊፈጸሙ ይችላሉ።

1ኛ፤ ገዢው የራሱ ደብተር ይኑረው። ዕለቱን፥ ዕቃውንና ዋጋውን ጽፎ በሳምንት አንድ ቀን ከባለሱቁ መዝገብ ጋር ያስተያይ። ይህ ጠብንም ያስቀራል።

2ኛ፤ የተጻፈውን በሦስት ይክፈል፤ ለምግብና ለሕክምና የሚያስፈልገውን፥ ሊቆይ የሚችለውን፥ ያለ አሳብ የተወሰደውን። መቀነስ የሚጀመረው ከሦስተኛው ነው።

3ኛ፤ የዱቤ ጣሪያ ይወሰን፤ ጣሪያው ሲሞላ የፊተኛው ሳይከፈል ሌላ አይጻፍ። ለዱቤ የሚላክ ሰውም አንድ ብቻ ይሁን፤ ሕፃናት እየተመላለሱ የሚያስጽፉት ዕዳ ማቆሚያ የለውም።

4ኛ፤ በስልክ ከመበደር በፊት የአገልግሎቱ ዋጋና የመክፈያው ቀን ይነበብ። አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ መክፈል ዕዳን ማዛወር እንጂ መቀነስ አይደለም።

5ኛ፤ ለክረምት በበጋ ይታሰብ። ቡና፥ ማር ወይም ኮረሪማ የሸጠ ሰው ከገንዘቡ ጥቂቱን በእቁብ ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበር ቢያኖር፥ በሰኔ የሚበደረው ከራሱ ይሆናል።

ለነጋዴዎቻችንም አንድ ቃል እንጨምራለን። የእጅ በእጁንና የዱቤውን ዋጋ ለይቶ በግልጽ መናገር፥ የመክፈያውንም ቀን ማስፈረም ደንበኛን አያሸሽም። ስለ ገንዘብ ብድርም የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነው በጽሑፍ፥ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ስለሚያዝ፥ በቃል ብቻ መተማመን አይበቃም።

ዱቤ ጨርሶ ይቅር አንልም፤ የታመመ ልጅ ያለባት እናት ወይም ደመወዙ የዘገየበት መምህር ያለ እርሱ ይቸገራል። ደብተሩ ለእንዲህ ያለ ቀን ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ ግን በስኳርና በሞባይል ካርድ መሞላት የለበትም። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ሳምንት በስምህ የተጻፈውን ደምረህ፥ የዕለት ገቢህ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አስላ።