ስለ ሞተር ብስክሌት የቤንዚን ማጣሪያ አለዋወጥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች የሚሆን ትምህርት

በአዊ አገር ፈረስ የክብርም የሥራም መጓጓዣ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ጎበዝ ፈረሰኛም ኮርቻውን ሳይፈትሽ፥ ኮቴውንም ሳያይ ወደ መንገድ አይወጣም። ዛሬ ግን የእርሻ ባለሙያውና የከብት ሐኪሙ ከጥሊሊ ተነሥተው በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ወዳሉት ቀበሌዎች በሞተር ብስክሌትም ይሄዳሉ። ለፈረስ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሞተሩ ሲጎድልበት የሚጎዳው ነጂው ብቻ አይደለም። በበረዶ ሣጥን የተያዘ የከብት ክትባት በመንገድ ከሞቀ ኀይሉን ያጣል። በክረምትም ድንችን የሚያደርቀው በሽታ ባለሙያው እስኪደርስ አይጠብቅም፤ በጥቂት ቀን ማሳውን ይጨርሰዋል።

ሞተርን በመንገድ ከሚያስቀሩት ምክንያቶች አንዱ የቤንዚን ማጣሪያ መደፈን ነው። ቤንዚን በጀሪካን ወደ ገጠር ሲጓዝ ዐፈርና ውሃ ይገባበታል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ በታንከሩ ግርጌ ይጠራቀማል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። መካኒኮች ፊልትሮ የሚሉት ማጣሪያ ይህ እድፍ ወደ ካርቡራተር እንዳያልፍ ይይዘዋል፤ እድፉ በበዛበት ጊዜ ግን ቤንዚኑንም ያግዳል።

ምልክቱ ይህ ነው፤ ሞተሩ በደኅና ይነሣል፥ በሜዳም ይሄዳል፤ ዳገት ሲይዝ ግን ኀይሉ እየደከመ ይጠፋል። ጥቂት ካረፈ በኋላ ደግሞ ይነሣል። ነገር ግን በታንከሩ ክዳን ያለው የአየር ቀዳዳ ሲደፈንም ይኸው ይታያል። ስለዚህ ሞተሩ በጠፋበት ስፍራ አስቀድሞ ክዳኑ ይከፈት፤ አየር ሲገባ ድምፁ ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ የሚጸዳው ቀዳዳው ነው።

ማጣሪያው ከታንከሩ በታች በጎማው መካከል የሚገኝ እንደ ሆነ፥ ነጂው ራሱ በቤቱ ሊለውጠው ይችላል። በኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚን የሚገፋ ሞተር ግን ለመካኒክ ይሰጥ።

1ኛ፥ ሞተሩ ጠፍቶ በሚገባ ይቀዝቅዝ። ሥራው በደጅ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተስቦ ራቅ ካለ እሳት ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ምድጃ፥ ከሰል፥ ኩራዝና ሲጋራ በአቅራቢያው አይኑር።

2ኛ፥ ከታንከሩ ቤንዚን የሚወርድበት መክፈቻ ይዘጋ፤ ከማጣሪያው በታችም ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ።

3ኛ፥ ማሠሪያዎቹ በፒንሳ ተይዘው ይሸሹ፤ ጎማዎቹም ቀስ ተብለው እየተጠመዘዙ ይውለቁ። የተሰነጠቀ ጎማ አብሮ ይለወጥ።

4ኛ፥ አዲሱ ማጣሪያ ከአሮጌው ጋራ ተመዛዝኖ ይግባ። በላዩ ያለው ቀስት ወደ ካርቡራተር ይዙር፤ ማሠሪያዎቹም ወደ ስፍራቸው ይመለሱ።

5ኛ፥ መክፈቻው ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ጥቂት ደቂቃ ይታይ። አንዲት ጠብታ እንኳ ብትታይ መክፈቻው ተዘግቶ ማሠሪያው ይስተካከል። የፈሰሰው ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ሞተሩ ይነሣ።

በዕቃው የተጠራቀመው ቤንዚን በብርጭቆ ይታይ፤ ከሥሩ ውሃ የተለየ እንደ ሆነ ታንከሩም መጽዳት አለበት። ያ ቆሻሻ ግን በጅረት ወይም በጕድጓድ ውሃ አጠገብ ፈጽሞ አይደፋ።

አንዳንድ ሰዎች የተደፈነውን ማጣሪያ አውጥተው ጎማውን ብቻ ይቀጥላሉ፤ ሌሎችም ወረቀቱን ይበሱታል። ለዚያ ቀን መንገዱ ይገፋ ይሆናል፤ እድፉ ግን በካርቡራተሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ገብቶ ከማጣሪያው ዋጋ እጅግ የበለጠ ወጪ ያመጣል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም ለወረዳው ሞተሮች መለወጫ ማጣሪያ በግምጃ ቤት አስቀድሞ ያኑር፤ የተለወጠበትም ቀን በመዝገብ ይጻፍ። የሚለወጥበት ጊዜ ሠሪው በሰጠው መጽሐፍ የተነገረው ነው፤ በጀሪካን ቤንዚን የሚሠራ ግን ከዚያ ይቅደም። ቤንዚኑም በጥሩ ወንፊት ተጣርቶ ይቀዳ። ይህ ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ከተደረገ፥ ገበሬው በቸገረው ቀን ባለሙያው ከደጁ ይደርሳል።