የጁሙዓ ማስታወሻ፦ «መቼ ነው?» ወይስ «ምን አዘጋጀን?»



በ2017 ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ መተሐራም አዳማም የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከመንቀጥቀጡ ጋር ወሬውም አብሮ መጣ፦ «በቃ፣ ቂያማ ደረሰች!» ፍርሃቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ምድር ስትናወጥ ልብ ወደ ጌታዋ መመለሷ መልካም ነው። ቀን ቆርጦ ማውራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህም ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ፣ ዓለም አንዲት ሌሊትን በጭንቀት ጠብቋት ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1999፣ ዕለቱም ጁሙዓ። በነጋታው 2000 ይገባል። አንዳንዱ «ዓለም ታበቃለች» አለ። ሌላው ደግሞ ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ የሚመዘግቡ ኮምፒውተሮች 00ን 1900 ብለው አንብበው ባንኩንም መብራቱንም ያናጉታል ብሎ ሰጋ። ሌሊቱ አለፈ፤ ፀሐይም እንደ ወትሮዋ ከምሥራቅ ወጣች።

እስቲ ያቺን ሌሊት ከእኛ አገር ሆናችሁ ተመልከቷት። በእኛ አቆጣጠር ገና 1992 ታኅሣሥ ነበር። በሂጅራ ደግሞ 1420፣ የረመዳን የመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች፤ ሙስሊሙ ለይለተል ቀድርን የሚፈልግበት ጊዜ። አንድ ሌሊት፣ ሦስት ቁጥር! ቂያማ የየትኛውን ካላንደር ሙሉ ቁጥር ትጠብቅ?

የእኛም 2000 መስከረም ላይ ገብቶ አለፈ። ክፉ ነገር ባየን ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» እንላለን። ነገር ግን ይህ አባባል በተመሠረተበት፣ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ብሎ በሚጀምረው ቆጠራ ከሄድን፣ ስምንተኛው ሺህ ከገባ 500 ዓመት አልፎታል።

ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር በሳቅ ባለፍነው ነበር። ኡጋንዳ ካኑንጉ ውስጥ ግን አንድ የሃይማኖት ቡድን ዓለም በ1999 መጨረሻ ታበቃለች ብሎ አስተማረ። ተከታዮች ንብረታቸውን ሸጠው ለመሪዎቹ አስረከቡ። ቀኑ ሲያልፍ ጥያቄ ተነሣ፤ ሌላ ቀን ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2000 ከ500 በላይ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ በእሳት አለቁ።

«ይህ የሌሎች ጉድ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ሙሐረም 1 ቀን 1400 ዓ.ሂ፣ አዲሱ የሂጅራ ክፍለ ዘመን ገባ በተባለበት ማለዳ፣ የታጠቁ ሰዎች የመካን ሐረም ይዘው «መህዲ ይኸውና!» አሉ። ሁለት ሳምንት ያህል በተከበበው ሐረም ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ «መህዲ» የተባለውም ሰው እዚያው ተገደለ። እነዚህ ሰዎች ሐዲስ የሚያውቁ ነበሩ። ያሳታቸው ሐዲሱን ማመናቸው አይደለም፤ ምልክቱን በራሳቸው ሰውና በራሳቸው ቀን ላይ መለጠፋቸው ነው።

ልዩነቱን እንያዝ። የቂያማ ምልክቶች እንዳሉ ማመን የእምነታችን አካል ነው። ቀኗን መቁረጥ ግን ለማንም አልተሰጠም። በሱረቱል አዕራፍ 187ኛው አያህ አላህ (ሱብሓነሁ ወተዓላ) እውቀቷ እርሱ ዘንድ ብቻ እንደሆነና ድንገት እንጂ እንደማትመጣ ነግሮናል። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ሰዓቲቱ ሲጠይቃቸው፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተጠያቂው ከጠያቂው የበለጠ እንደማያውቅ መለሱ። ከመላእክት ታላቁና ከነብያት በላጩ ያላወቁትን በቴሌግራም የሚነግረን ማን ነው?

ሌላ ሰው መጥቶ ቂያማ መቼ እንደሆነች ሲጠይቃቸው ደግሞ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥያቄውን ገልብጠው ምን እንዳዘጋጀላት ጠየቁት። መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሌላ ሐዲስም ቂያማ ስትቆም በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው አዘዋል። ካኑንጉ ያሉት ማሳቸውን ሸጡ፤ ሙእሚን ግን በመጨረሻይቱ ሰዓት እንኳ ይተክላል።

የ2000ው የኮምፒውተር ችግር ያልከፋውም በአብዛኛው ባለሙያዎች ቀድመው ለዓመታት ስለጠገኑት ነው። ሰበብ ማድረስ ማለት ይህ ነው። ስምጥ ሸለቆ ላይ የምንኖር ሰዎች ምድራችን ቀስ በቀስ እየተለጠጠች መሆኗን እናውቃለን። መንቀጥቀጡ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት ሊናገር የሚችል ግን የለም። ስለዚህ ቤት ስንሠራ አጠንክረን እንሥራ፤ ምድር ስትናወጥ ምን እንደምናደርግ ለታናናሾቻችን እናስተምር፤ የተፈናቀለውን እንርዳ። ቀን የተቆረጠበት መልእክት ሲደርሰን ደግሞ ሳናጣራ ለሌላው አንላክ፤ ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አያህ እንድናጣራ ያዛል።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከመግሪብ በፊት ሦስት ነገር እንጨርስ፦ ያለፈን ሶላት ካለ ቀዷ እናውጣ፤ የሰው ሐቅ እጃችን ላይ ካለ ለመመለስ እንነሣ፤ ለእናትና ለአባታችን እንደውል። የዓለም መጨረሻ ቢዘገይ እንኳ የእያንዳንዳችን ሞት ቀጠሮውን አያሳልፍም።

አላህ ቂያማን ከሚያወሩት ሳይሆን ከሚዘጋጁላት ያድርገን። አሚን። በነብያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትን አንርሳ።

ጁሙዓ ሙባረክ!